የጋሽ ይፍሩ ጉልበትና አልዞር ያለው ፋን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ። የዛሬው ተረት የሚውለው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ላም የሚባል ነገር የለበትም። ያለው አንድ አሮጌ መኪና፣ አንድ አልዞር ያለ ፋንና ነፋስ የሚፈሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ደብረ ብርሃን ነው፤ ወሩም ታኅሣሥ። ውርጩ ሣሩን ነጭ ባለበሰበት የቅዳሜ ማለዳ አቶ ሸዋንግዛው እሱም ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከልጁ በዕድሜ የሚበልጠውን መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ልጁ ምንተስኖት የደብረ ሲናዋን ማህደርን ወዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። የቀረው የአባቷ የአቶ ደባልቄ ቃል ነበር። አቶ ደባልቄ ደግሞ በቀላሉ ቃል የሚወጣቸው ሰው አይደሉም። «ቅዳሜ ከቀትር በፊት ኑ። ከቀትር በኋላ ለሌላ ልጅ ሌላ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ስትመጡም ጋሽ ይፍሩን ይዛችሁ ኑ፤ ያለ እሳቸው ከማንም ጋር አልነጋገርም» ብለው ልከዋል። ምንተስኖት ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ጋሽ ይፍሩ ማለት በአገሩ ያላስታረቁት ባላጋራ፣ ያላጋቡት ጎረምሳ የሌለ ሰው ናቸው። ነብርና ፍየል ቢሰጧቸው አስማምተው ይልካሉ። ዳኛ አይፈሩም፣ ባለሥልጣን አይፈሩም፤ ጣት የምታህል የመስኮት ክፍተት ካዩ ግን «መታኝ!» ብለው ጉልበታቸውን ይይዛሉ። ያን ዕለትም ከበራቸው ላይ የመኪናውን የፊት በር ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አደረጉና ወዲያው መለሱ።

«ሸዋንግዛው፣ ይኼ መኪና ነው ሬሳ ሣጥን?»

«ይሞቃል ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሡኝ እንጂ።»

«ሲሞቅ ጥራኝ። ሳይሞቅ አልሳፈርም። በዚህ ጉልበቴ የጣርማ በርን ውርጭ ላልፍ? አላደርገውም! መስኮትም እንዳትከፍት።» ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

መስኮት ካልተከፈተ ደግሞ መንዳት የለም። ቀድሞ ያሳፈራቸው፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ትንፋሻቸውን ለቀውበት የፊት መስታወቱ እንደ ድስት ክዳን አልቦታል። ሸዋንግዛው በእጅጌው ቢጠርገው ያልባል፣ ቢጠርገው ያልባል። ያን መስታወት ጥርት የሚያደርገውም፣ ጋሽ ይፍሩን የሚያሞቀውም ያው ማሞቂያው ነው። መኪናው አልሞቅ አለ፤ ጋሽ ይፍሩ አልሳፈርም አሉ፤ ጋሽ ይፍሩ ካልሄዱ ልጅቱ አትሰጥም።

ማብሪያውን አንድ ላይ አደረገው፤ ዝም። ሁለት ላይ አደረገው፤ ዝም። እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው፤ ያው ዝም። በብርድ ጊዜ ሙቅ፣ በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ፋን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግንቦት ላይ ከእድርተኛው ጋር ወደ ቆላው ወደ ሮቢት ለቅሶ ሲወርዱ በመንገድ ላይ ጉር ብሎ ከጠፋ ወዲህ አልተሰማም። ያኔ ሸዋንግዛው «ብርዱ ሲመጣ አሠራዋለሁ» ብሎ ነበር። ብርዱ መጣ፣ እሱ አልመጣም። በመዳፉ ዳሽቦርዱን ቢመታው ሬዲዮው በራ።

«ፍሬቻውን አብራና ሞክረው» አሉት ከኋላ ካሉት ሽማግሌዎች የነቁት፤ ሌላው ተኝተዋል። «የወንድሜ ልጅ መኪና እንዲያ ነበረች።»

ሸዋንግዛው አፈረና ፍሬቻውን አበራ። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ አለ እንጂ ፋኑ ከመጤፍም አልቆጠረው። በዚህ መሃል ሚስቱ ዘነበወርቅ ደወለች።

«ወጣችሁ?»

«ፋኑ አልዞር አለ።»

«ጎንበስ ብለህ ከሥር እየው እስቲ፤ ምን ይታወቃል?»

«ነጭ ለብሼ ልንበርከክ? ደግሞስ ባለሙያ ባለበት አገር!»

እንዲህ ብሎ ባለሙያ ወዳለበት ነዳ፤ መቼም መንዳት ከተባለ። አንገቱን በመስኮት ቢያወጣ ጋሽ ይፍሩ ያዩኛል ብሎ ስለ ፈራ፣ በመስታወቱ ላይ በጣቱ በጠረጋት ቀዳዳ እያየ ነው የሄደው። ደግነቱ ጋራዡ ከጋሽ ይፍሩ አጥር ጀርባ ነው። ፋኑ አልዞር አለ፤ መኪናው አልሞቅ አለ፤ ጋሽ ይፍሩ አልሳፈርም አሉ፤ ጋሽ ይፍሩ ካልሄዱ ልጅቱ አትሰጥም።

በጋራዡ ግቢ መጀመሪያ የሚገኘው መካኒኩ ላቀው ነው፤ የተገኘው ግን እግሩ ብቻ ነበር። ሌላው አካሉ ከጭነት መኪና ሥር ገብቷል። ሸዋንግዛው ችግሩን ለእግሩ ነገረው።

«ፊውዝ ነው» አለ ላቀው ከሥር፣ ብቅ ሳይል።

«ሳታየው?»

«ምኑ ይታያል፣ ጋሽ ሸዋንግዛው? ፊውዝ ነው።»

ወጥቶ ፊውዙን ቀየረ። ማብሪያውን ሲነኩት ቷ! አለና ተቃጠለ። ሌላ ከተተ፤ ቷ! ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ ሽታውን በአፍንጫው ሳበና ራሱን ነቀነቀ፤ ሳያዩ መፍረድ እንዲህ ክብር አለው።

«ቅድም ፊውዝ ነው አላልክም?»

«ፊውዝ ነው። ግን ፊውዙን የሚያቃጥል ነገር አለ። እኔ ሞተር ነኝ፤ ሽቦ የጥላዬ ነው። ጥላዬ ሳይነካው ሌላ ፊውዝ አልከትም» አለና ወደ ጭነት መኪናው ሥር ተመልሶ እንደገና እግር ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ላቀው አልከትም አለ፤ ፊውዙ አልበረክት አለ፤ ፋኑ አልዞር አለ፤ መኪናው አልሞቅ አለ፤ ጋሽ ይፍሩ አልሳፈርም አሉ፤ ጋሽ ይፍሩ ካልሄዱ ልጅቱ አትሰጥም።

ኤሌክትሪሻኑ ጥላዬ የመብራት መሞከሪያውን እንደ ሐኪም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ፣ «እህ» አለ። እንደገና ነካና «እህህ» አለ። ሸዋንግዛው በእያንዳንዱ «እህ» አንድ እርምጃ ይጠጋል።

«ተገኘ?»

«ሽቦው ደኅና ነው። ፋኑን አንቆ የያዘው ነገር አለ፤ መዞር ሲያቅተው ፊውዙን ይበላል።»

«ተመስገን! ታዲያ አውጣዋ!»

«ፋኑ ያለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው። ዳሽቦርዱን ቆዳ ያለበሰው ማን ነው?»

«እሸቴ።»

ጥላዬ ፊቱን አዞረ። «ብሎኖቹን ከነ ሕይወታቸው በቆዳ ሰፍቶባቸዋል። አንዲት ክር ብበጥስ ነገ ስሜን ያጠፋል። እሱ ራሱ ካልፈታው እኔ አልነካም።»

«እሺ፣ ጥራውና ይፍታው።»

«እኔ? ከእሱ ጋር ከተነጋገርኩ ስንት ጊዜዬ!»

ልብ በሉልኝ፤ የመኪና ወንበርና ዳሽቦርድ የሚያለብሰው እሸቴና ኤሌክትሪሻኑ ጥላዬ የሚለያቸው አንዲት ቆርቆሮ ናት። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በልቡ «ይማርህ» ይላል፤ በአፉ ግን ቢሞትም አይወጣውም። ሸዋንግዛው ከቆርቆሮው ወዲህና ወዲያ ይመላለስ ጀመር፤ የሰማውን እንደገና ለሰሙት ሊያሰማ። ጥላዬ አልነካም አለ፤ ላቀው አልከትም አለ፤ ፊውዙ አልበረክት አለ፤ ፋኑ አልዞር አለ፤ መኪናው አልሞቅ አለ፤ ጋሽ ይፍሩ አልሳፈርም አሉ፤ ጋሽ ይፍሩ ካልሄዱ ልጅቱ አትሰጥም።

ስልኩ ጮኸ። ምንተስኖት ነው። «አባዬ፣ ጣርማ በርን አለፋችሁ?»

«ልናልፍ ነው፣ ልጄ» አለ ሸዋንግዛው፣ የእሸቴን መቀስ እያየ። ከዚያ በፊት ዋሽቶት አያውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ማህደር ደወለችልኝ። እነዚያኞቹ ሽማግሌዎች ከቤታቸው ወጥተዋል አለች።»

«እሸቴ፣ በሞቴ!» አለ ሸዋንግዛው ስልኩን ዘግቶ። «ይችን ዳሽቦርድ ፍታልኝ።»

«ለእርስዎ ከሆነ ዓይኔንም እፈታለሁ» አለ እሸቴ። «ግን የምፈታው ለጥላዬ እጅ ነው። ለጥላዬ ብዬ መርፌ አላነሳም! ግንቦት ላይ ሮቢት ለቅሶ ሄደን፣ ድንኳኑ ውስጥ የጋሽ ይፍሩ የአንገት ልብስ ጠፋ። ‹ማን ነበር አጠገቤ?› ብለው ሲጮኹ፣ ይሄ ሰውዬ በእድርተኛው ፊት ‹እሸቴ ነበር› አለ። እኔ! ኪሴን እያራገፍኩ ማልኩ። ልጆቼ እስከ ዛሬ ‹የአንገት ልብስ ሌባ ልጆች› እየተባሉ ነው።»

«ነበር እኮ! ነበር አልኩ እንጂ ወሰደ አላልኩም!» አለ ከቆርቆሮው ወዲያ ጥላዬ።

«ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ፤ ካልታረቅን አልፈታም!»

«ታረቁዋ!» አለ ሸዋንግዛው ሊያለቅስ ደርሶ። «ማን ያስታርቃችሁ? ልጥራው!»

እሸቴና ጥላዬ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ከቆርቆሮው ወዲህና ወዲያ፣ እኩል። «ጋሽ ይፍሩ!»

እንግዲህ አብራችሁኝ ቁጠሩ። እሸቴ አልፈታም አለ፤ ጥላዬ አልነካም አለ፤ ላቀው አልከትም አለ፤ ፊውዙ አልበረክት አለ፤ ፋኑ አልዞር አለ፤ መኪናው አልሞቅ አለ፤ ጋሽ ይፍሩ አልሳፈርም አሉ። ጋሽ ይፍሩ ካልመጡ ደግሞ እሸቴ አይታረቅም፤ እሸቴ ካልታረቀ ዳሽቦርዱ አይፈታም፤ ዳሽቦርዱ ካልተፈታ መኪናው አይሞቅም፤ መኪናው ካልሞቀ ጋሽ ይፍሩ አይመጡም። የገዛ ጅራቱን ተከትሎ የሚሽከረከር ውሻ አይታችኋል? ሸዋንግዛው ውሻውም ጅራቱም እሱ ሆነ።

ቢቸግረው ሮጠ። ጋሽ ይፍሩ እሳት ዳር ተቀምጠው ቅንጬ እየበሉ ነበር።

«ሞቀ?» አሉት ቀና ሳይሉ።

«አልሞቀም ጋሼ። ጠብ ነው ያመጣኝ።»

ማንኪያው መንገድ ላይ ቆመ። «ጠብ? የማን ጠብ?»

«የእሸቴና የጥላዬ። ያለ እርስዎ የሚፈታው የለም ብለዋል። ከግንቦት ጀምሮ የቆየ ነው።»

«ከግንቦት ጀምሮ! እኔ ሳልሰማ!» ለልጅ ጋብቻ ብርዱን ያልደፈሩ ሰው፣ ጠብ ሲባሉ ቅንጬያቸውን ትተው ብድግ አሉ። ጋቢያቸው በአንድ ትከሻ ተንጠልጥሎ፣ ሽበታቸው በውርጭ ነፋስ እየተውለበለበ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ከሸዋንግዛው ፊት ፊት ሄዱ። ጉልበታቸውን ያነሣ የለም።

ግቢው ሲደርሱ ነፋሱ ትዝ አላቸው። «ዕርቅ በነፋስ አይሆንም» ብለው የመኪናውን የፊት በር ከፍተው ገቡና ዘጉት፤ መስኮቱን ጣት የምታህል ዝቅ አድርገው ተጣዮቹን ከውጭ አቆሟቸው። ከኋላ የተኙት ሽማግሌ ነቅተው «ደረስን?» አሉ።

«እህ፣ የጠባችሁ መነሻ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ የአንገት ልብስ ነው ጋሼ» አለ እሸቴ።

«ውይ፣ ያቺ ቡናማዋ! ልጄ የሰጠችኝ! ደግ ነገር አስታወስከኝ። የወሰዳት ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።» የእሸቴን ዓይን ትንሽ አቆይተው አዩት። ከዚያ ፊታቸውን አኮማትረው ጉልበታቸውን ያዙ። «ሸዋንግዛው፣ ያቺ ቀዳዳ ዛሬም ክፍት ናት? ከዚህ ከእግሬ ሥር ነፋስ የምትልክብኝ? አልነገርኩህም? ያን ጊዜ ለቅሶ ስንወርድ ፋኑን ለቀህብኝ ጉልበቴን ስትበላኝ ጊዜ፣ ጎንበስ ብዬ የአንገት ልብሴን አውጥቼ እኮ ነው...»

አላስጨረሷቸውም፤ ማለቴ እሳቸው ራሳቸው አልጨረሱትም። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። እሸቴ ጥላዬን አየ፤ ጥላዬ ሸዋንግዛውን አየ፤ ከጭነት መኪናው ሥር የላቀው ራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ።

ጋሽ ይፍሩ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ እግራቸው ሥር ሰደዱ። ሳቡ። ጫፏ መጣች፤ ፋኑ አኝኮ ዘርዘር አድርጓታል። እንደገና ሳቡ። ፋኑም እንደ አንጀት እየተጎተተች የመጣችውን ቡናማ የአንገት ልብስ በሙሉ መለሰ። ማንም ጎንበስ ብሎ ያላያት፣ ዘነበወርቅ በስልክ ጎንበስ በል ያለችባት ቀዳዳ ያቺው ነበረች። ሸዋንግዛው ሊስቅም ሊጮኽም አማረው፤ ግን ልጁ ትዝ አለውና ዋጠው።

ጋሽ ይፍሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕቃ የጠፋበት እናቱን ይጠረጥራል ይባላል። እናንተ ግን አንድ ግቢ የምትውሉ ወንድማማቾች፣ በአንዲት ጨርቅ? አያሳፍርም? በሉ ተሳሳሙ!»

«ጋሼ፣ ጨርቋ እኮ የእርስዎ...» አለ እሸቴ።

«ነገር አታርዝም፤ ዕርቅ ላይ ነን!»

እሸቴና ጥላዬ ተያዩ። ከዚያ ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በብርድ እነሱ ያውቃሉ። በሉ እንግዲህ ያዙ። እሸቴ ታረቀ፤ ዳሽቦርዱ መፈታት ቀረለት፤ ጥላዬ ነካ፤ ላቀው ፊውዝ ከተተ፤ ፊውዙ በረከተ፤ ፋኑ ዞረ፤ መኪናው ሞቀ፤ መስታወቱ ጠራ፤ ጋሽ ይፍሩም ቀድመው ተሳፍረዋልና መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነበር የቀረው።

ፋኑ ሲዞር በሆዱ የቀረውን ቡናማ ብናኝ ሁሉ ነጭ የለበሱት ሰዎች ላይ ተፋው። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፈው፣ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቶ ደባልቄ በር ላይ ሲደርሱ አራቱም ጠቃጠቆ ሆነው ነበር።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ደባልቄ።

«ያመጣንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ይፍሩ እንደ ወጉ። ከዚያም ተናገሩ፤ መቼም አፋቸውን አይንሣቸው። የልጁን ጨዋነት፣ የአባቱን ትዕግሥት አወሱ። «ይህ ቤት» አሉ ዘንጋቸውን ወደ ሸዋንግዛው ቀስረው፣ «ያጠፋውን በሰው የማያላክክ ቤት ነው። እኛም ሽማግሌዎቹ እንዲሁ ነን።» ከኋላ ወንበር የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል ሳል ያዛቸው። ሸዋንግዛው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

አቶ ደባልቄ ከጋሽ ይፍሩ ትከሻ ላይ አንዲት ቡናማ ክር አነሡና ጣሏት። ሁሉንም በየተራ አዩ። «ሰጥቻለሁ» አሉ። «ተቀመጡ።»

ሸዋንግዛው ለልጁ ደውሎ «ተሰጠች!» ሲለው ምንተስኖት በስልክ ውስጥ እልል አለ። ከግቢው ሲወጡ እነዚያኞቹ ሽማግሌዎች ሲገቡ ተገናኙ፤ ሰላምታ ተሰጣጥተው ተላለፉ።

ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንደገና ከበባቸው። ፋኑ ይነፋል፣ መስታወቱ ጠርቷል፣ መኪናው ሞቋል። ጋሽ ይፍሩ መጀመሪያ ጋቢያቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ላባቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ ጉልበታቸውን ያዙ።

«ሸዋንግዛው፣ ይኼ ነፋስ መታኝ። አጥፋው።»

«መስታወቱ ያልባል ጋሼ፤ ገደል ነው።»

«እንግዲያው አንተ ተወው፤ እኔ መላ አላጣም» አሉና የተረፈችውን የአንገት ልብስ ከኪሳቸው አውጥተው እያጠፉ፣ ጎንበስ ብለው ያቺን ቀዳዳ በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር።

ሸዋንግዛው ጠዋቱን ሙሉ «እሺ ጋሼ» ሲል የዋለ ሰው ነው። ሽማግሌ የሚፈራው ግን ልጅቱ እስክትሰጥ ነው። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ፤ የአንገት ልብሷን በሁለት እጁ፣ በትሕትና፣ ከጋሽ ይፍሩ እጅ ተቀበለ፤ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ተቀመጠባት። እስከ ደብረ ብርሃንም አልተነሣም።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ያንን መስኮት ብቻ ትንሽ ከፈት አድርጉልኝ።